ቤቱ በእኔ ስም ነው፤ የሠራችው ግን እህቴ ናት

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር እከታተላለሁ። የ28 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ደሴ ሲሆን በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሥራ እተዳደራለሁ። በመጪው ጥር ላገባ ነው። ደስ ሊለኝ የሚገባ ጊዜ ነበር፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ታላቅ እህት አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እታለም ነው የምላት። በ2004 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰች ወደ ሳዑዲ ሄደች። ያኔ 18 ዓመቷ ነበር። በትምህርት ከእኔ ትበልጥ ነበር። አባቴ ግን ታሞ ሥራ አቁሟል፤ የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነው። አንዳችን ሠርተን አንዳችን መማር ነበረብን። ማን ይማር በሚለው ላይ ግን ማንም አልተመካከረም። ወንዱ እኔ ስለሆንኩ እኔ ተማርኩ።

አሥር ዓመት በሰው ቤት ሠራች። በየወሩ ትልክ ነበር። በዚያ ገንዘብ አባቴ ጅምር ቤት ገዝቶ አስጨረሰ፣ እኔ ተመረቅኩ፣ የእናቴ የስኳር መድኃኒት ሳይቋረጥ ቆየ። በ2006 ሳዑዲ ሐበሻውን ስታባርር የሰፈራችን ልጆች ሲመለሱ እሷ አልመጣችም። “ጣሪያው ይመታና እመጣለሁ” አለች። ጣሪያው ተመትቶም ሌላ ስምንት ዓመት ቆየች።

እኔ 18 ሲሞላኝ አባቴ ካርታውን በእኔ ስም አዞረው። “ሴት ልጅ ነገ የሰው ናት፤ ቤቱ ባዕድ እጅ ይገባል” አለ። ፈረምኩ። ለእሷ በስልክ ተነገራት። “ምን ችግር አለው” አለች።

በ2014 ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ከእናቴ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምትተኛው። ጠዋት ከሁላችንም ቀድማ ተነስታ ቁርስ ታቀርባለች፤ የእኔን ሸሚዝ ሳይቀር ታጥባለች። የባልትና ሱቅ ልትከፍት አስባ ብድር ጠይቃ ነበር። መያዣ አምጪ አሏት። በስሟ ምንም ስለሌላት ሐሳቡን ተወችው።

ባለፈው ወር የእጮኛዬ ቤተሰቦች ሊጠይቁን መጡ። አንድ የአባቴ ጓደኛ “ልጃችን ገና በ28 ዓመቱ ቤት የሠራ ጎበዝ ነው” አለ። ሁሉም መረቁኝ። በዚያች ሰዓት እታለም ጨላፋ ይዛ ወጥ እየጨመረች ነበር። ምንም አላለችም። እኔም ምንም አላልኩም።

ከሠርጉ በኋላ እኔና ባለቤቴ ዋናውን ቤት ይዘን፣ እሷ ወደ ሰርቪሱ እንድትዛወር ታስቧል። ለአባቴ ቅር እንዳለኝ ስነግረው “ውለታዋን አንረሳም፤ ግን የአባቱን ስም የሚያስጠራው ወንድ ልጅ ነው። በሠርግህ ዋዜማ ቤተሰብ አታበጣብጥ” አለኝ። እናቴ “እሷም ብታገባ ይሻላል፤ ዕድሜዋ እየሄደ ነው” ትላለች። እህቴን በጨዋታ መሐል ብጠይቃት “ያንተ የእኔ አይደል እንዴ፣ ተወው” አለችኝ። እጮኛዬ የምታውቀው ነገር የለም። እህቴ ካልከፋት ልተወው? ወይስ ምን ባደርግ ይሻላል?

ግራ የገባኝ ወንድም፣ ከደሴ

መልስ

ወንድሜ፣

በዚያ ሳሎን ውስጥ ብዙ ሰው ነበረ። ምርቃቱን ሁሉም ሰምቷል። ጨላፋ ይዛ የምትዞረውን እህትህንም ሁሉም አይቷታል። ነገሩ የከነከነህ ግን አንተን ነው። እናትህና አባትህ ክፉ ስለሆኑ አይደለም ያልከነከናቸው። ሴት ልጅ ስታስተናግድ፣ ወንድ ልጅ ሲመረቅ እያየን ነው ያደግነው። አንተ አንዴ አይተኸዋል፤ ከዚህ በኋላ እንዳላየህ መሆን የምትችል አይመስለኝም። ስለዚህ “ልተወው?” ላልከኝ መልሴ አትተወው ነው።

ግን ራስህን አትቅጣ። በ18 ዓመትህ አባትህ “ና ፈርም” ሲሉህ መፈረምህ የሚገርም አይደለም። በዚያ ዕድሜ ከአባት ፊት ቆሞ “አይሆንም” የሚል ልጅ ጥቂት ነው። ዛሬ ግን አዋቂ ነህ፤ ካርታው ላይ ያለው ስምም ያንተ ነው። አባትህ ቢከፋቸውም ሕጉ የሚጠይቀው የአንተን ፊርማ ነው። ይህ ከባድ ነው፤ መልካም ጎኑ ደግሞ መፍትሔው ሌላ ሰው እጅ ላይ አለመሆኑ ነው።

አባትህ “ውለታዋን አንረሳም” ማለታቸው ከልብ እንደሆነ አምናለሁ። እህትህ የላከችው ግን የበዓል ስጦታ አልነበረም። የላከችው ደመወዟን ነው፤ በደመወዟም ቤት ተገዛ። ያ ደመወዝ እንዴት እንደተገኘ ደግሞ አስበው። ሳዑዲ ውስጥ የቤት ሠራተኞች በአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ አይሸፈኑም፤ ለእነሱ የወጣው የተለየ ደንብ ነው። አሠሪ መቀየርም፣ ከአገር መውጣትም ለረጅም ጊዜ በአሠሪው ፈቃድ የታሰረ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ፍተሻው በጠናበት፣ ሐበሻ ሁሉ ፈርቶ በተደበቀበት ሰዓት ነው እህትህ “ጣሪያው ይመታና” ብላ የቀረችው። ስለዚያ ዓመት አንድም ቀን ጠይቀሃት ታውቃለህ? ቤቱ በር ላይ ቆመው ስለሚያባርሩት ፖሊሶች፣ ስለ ማዳሟ፣ ስለ ሌሊቱ? ካልጠየቅካት ከካርታው በፊት ይህን ጠይቃት። ስለ ቤቱ የምታወሩት ነገር ከዚያ በኋላ ሌላ መልክ ይይዛል።

አሁን ወደ “ተወው” ልምጣ። ይህን ቃል እንደ መልስ አትውሰደው። ከ18 ዓመቷ ጀምሮ የተጠየቀችው ሁሉ ለሌላ ሰው እንድትተው ነው። ትምህርቱን ተወች፣ ወጣትነቷን ተወች፣ ስሟን ከካርታው ላይ ተወች። እየተወች ያደገች ሴት በጨዋታ መሐል ብትጠየቅ “ተወው” ከማለት ሌላ ምን ትላለች? ደግሞም እናቷ በሚሰሙበት ቤት፣ ወንድሟ ሊያገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት “አዎ፣ ይገባኛል” ብትል ምን እንደምትባል ታውቃለች። “ስስታም”፣ “የወንድሟን ሠርግ ያበላሸች”፣ “ዓረብ አገር ልቧን አደነደነው”። እኛ አገር ድርሻዋን ለጠየቀች ሴት ስም ለማውጣት ማንም አይቸግረውም።

ስለዚህ በደንብ ጠይቃት። ከቤት አውጣት። ፒያሳ ወርዳችሁ አንድ ጸጥ ያለ ቤት ቁጭ በሉ፤ ማኪያቶውን አንተ ጋብዛት። “ቤቱን ትፈልጊያለሽ?” ብለህ አትጀምር፤ እንዲያ ያለው ጥያቄ አሁንም “ተወው” ነው የሚያመጣው። ይልቅ የምታውቀውን ንገራት። “እታለም፣ ይህ ቤት ያንቺ እንደሆነ አውቃለሁ። የፈረምኩት ልጅ ሆኜ ነው፤ ዛሬ ግን አላምንበትም። ከሠርጉ በፊት በወረቀት ማስተካከል እፈልጋለሁ። እንዴት እንደሚሆን ግን ካንቺ ነው መስማት የምፈልገው” በላት። ከዚያ ዝም በል። ልታለቅስ ትችላለች። ልትቆጣም ትችላለች፤ አሥር ዓመት የታመቀ ቁጣ በአንተ ላይ ቢወርድ ለመከላከል አትቸኩል። ምናልባት የዚያን ቀን ምንም አትመልስ ይሆናል። ጊዜ ስጣት፤ ግን “ነገ ደግሞ እንነጋገራለን” ብለህ ቀጠሮ ይዘህ ተለያት። ካላደረግከው እሷ አታነሳውም።

ምን እንደምትፈልግ ስትነግርህም ተጠንቅቀህ ስማ። ምናልባት የምትፈልገው ቤቱን ሳይሆን ያንን የባልትና ሱቅ ይሆናል። ምናልባት በራሷ በር የምትገባበት፣ በራሷ ቁልፍ የምትዘጋው አንድ ክፍል ይሆናል። ምናልባት ትምህርቷን መቀጠል ትፈልጋለች። አንተ አስቀድመህ “እንዲህ አደርግላታለሁ” ብለህ ከወሰንክ፣ አባትህ ያኔ እንዳደረጉት ሁሉ አሁንም ስለ እሷ የሚወስነው ወንድ ይሆናል።

መንገዶቹን በተመለከተ የእኔ ሐሳብ ይኸውልህ። አንደኛው ቤቱን በሙሉ በስሟ ማዞር ነው። አንተና ባለቤትህ ተከራይታችሁ ትጀምራላችሁ፤ ወላጆቻችሁ ካሉበት አይነቃነቁም። ልቤን ከጠየቅከኝ ትክክሉ ይህ ነው። ሁለተኛው የጋራ ባለቤትነት ነው፤ የሁለታችሁም ስም ካርታው ላይ ይገባል፣ ማን የትኛውን ክፍል እንደሚይዝ፣ ሰርቪሱ ቢከራይ ኪራዩ የማን እንደሆነ ትስማማላችሁ። አንተም ለአጥሩም ሆነ ለጥገናው ከደመወዝህ ያወጣኸው ካለ እዚህ ላይ ይታሰባል፤ ያም ተገቢ ነው። ሦስተኛው ቤቱን አንተ ይዘህ ለእሷ ዋጋውን መክፈል ነው። ይህን ከመረጣችሁ የሒሳብ ሰው ነህና አታታልላት፤ ራስህንም አታታልል። የሚታሰበው ያኔ በላከችው ብር ልክ ሳይሆን ቤቱ ዛሬ በሚያወጣው ነው። የ2006ቱ ብርና የዛሬው ብር እንዴት እንደተራራቁ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። በወር ከደመወዝህ እየቆረጥክ የምትጨርሰው መሆኑንም ቁጭ ብለህ አስላ። የማይሆን ከሆነ ቃል አትግባላት።

የትኛውንም ብትመርጡ በቃል አይቅር። አንተ ቀና ሰው መሆንህን አልጠራጠርም። ግን አንድ ነገር ብትሆን ቤቱ የወራሾችህ ነው፤ እህትህ ምንም የላትም። በአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭም ሆነ ስጦታ በጽሑፍ ካልሆነና በሕጉ ፎርም ካልተፈጸመ አይጸናም። ስለዚህ ውሉ ተዘጋጅቶ፣ ፊርማው በሚመለከተው አካል ፊት ተረጋግጦ፣ ስሙ ይዞታ አስተዳደር ሄዶ መዞር አለበት። የስም ማዛወሪያ ክፍያ አለው፤ ከመጀመርህ በፊት ስንት እንደሆነ ጠይቅና ለሠርግ ካሰብከው ላይ አስቀምጥ። ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ ከሌለህ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። አንተ ያለህበት ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለና እዚያ ሄደህ ጠይቅ። እህትህም አብራህ ትሂድ። ወረቀቱ ምን እንደሚል ከጠበቃው አፍ እሷ ራሷ ትስማ።

ከሠርጉ በፊት ይለቅ የምልህም ያለ ምክንያት አይደለም። በቤተሰብ ሕጋችን ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ሆኖ ይቀጥላል። ነገር ግን በአንድ ሰው ስም የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ቢኖረውም በዚህ ጉዳይ ከፌዴራሉ ጋር ተቀራራቢ ነው። ከሠርጉ በኋላ አንተና ባለቤትህ ቀለም ቀብታችሁ፣ ወለሉን ሴራሚክ አድርጋችሁ፣ አንድ ክፍል ቀጥላችሁ ኑሮ ከጀመራችሁ፣ ያኔ ቤቱን መልሶ ለእህትህ ማዞር የሦስት ሰው ጉዳይ ይሆናል። ባለቤትህም የደከመችበትን ነገር ስታጣ ብትከፋ አይፈረድባትም።

ደብዳቤህን ሳነብ ከሁሉ ያሳሰበኝ እጮኛህ ምንም አለማወቋ ነው። ቤተሰቧ የመጡት ቤት የሠራ ልጅ ሊያዩ ነው። ባዶ እጅህን ብትሆን አታገባህም እያልኩ አይደለም። ግን በውሸት ላይ የተመሠረተ ነገር እያመነች ነው፤ ውሸቱን አንተ ባትናገረውም ዝም ብለህ አሳልፈኸዋል። ከእህትህ ጋር እንደተነጋገርክ ወዲያው ንገራት። ሁሉንም ንገራት፤ ስለ ሳዑዲው፣ ስለ ፊርማው፣ ስለ ሰርቪሱ። ትደነግጥ ይሆናል። “ታዲያ የት ልንኖር ነው?” ብትልህ ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ የኪራይ ዋጋ አጣርተህ፣ ደመወዛችሁን ደምረህ ሄደህ አዋያት። እሷም ለአባቷ ቤት ሴት ልጅ ናት። ወንድሞች ካሏት “ነገ የሰው ናት” የሚለው ቃል ለእሷም ተብሎላት ይሆናል። ስለዚህ ከምትፈራው በላይ ልትረዳህ ትችላለች። ደግሞ አንድ ነገር አስብ። በእህቱ ላይ የደረሰውን አይቶ ዝም የሚል ሰውና አይቶ የሚያስተካክል ሰው፣ ለእሷ የትኛው ነው የሚያስተማምን ባል?

አባትህን ግን በሰው ፊት አታዋርዳቸው። ከሁለቱ ጋር ተነጋግረህ ከጨረስክ በኋላ ለብቻቸው አናግራቸው። “እሷ እዚህ አልነበረችም፤ በማን ስም ላድርገው?” ይሉህ ይሆናል። እዚያ ሆና በቆንስላ ውክልና መላክ ትችል ነበር፤ ይህን ለክርክር አታንሳው፤ ያለፈ ነገር ነው። ይልቅ “አባዬ፣ ቤተሰብ እንዳይበጣበጥ ብዬ ነው ዛሬ የማስተካክለው” በላቸው። እውነትም ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚበጣበጠው ወላጆች ካለፉ በኋላ፣ የልጅ ልጆች ፍርድ ቤት ሲገናኙ ነው። ሴት ልጅ አትወርስም የሚለው ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወራሽን በፆታ አይለይም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና በውርስ እኩል የመታየት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ለአባትህ አንቀጽ አትጥቀስ፤ እንዲህ ብታወራቸው አይሰሙህም። ይህን የምነግርህ አንተ በእርግጠኝነት እንድትናገር ነው። የምታውቁት፣ አባትህ የሚያከብሩት አንድ ሽማግሌ ካሉ እሳቸውን ይዘህ ብትገባ መልካም ነው። ያ “ቤት የሠራ ጎበዝ” ያሉት የአባትህ ጓደኛ ቢሆኑ ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው።

እናትህን ግን በሌላ በር ግባ። ሴቶች ልጆችን ወደ ማጀት የሚመልሱ እናቶች ብዙ ጊዜ እነሱም የተመለሱ ናቸው። አንድ ቀን ቡና ላይ “እማዬ፣ ካባትሽ ቤት አንቺ ምን ደረሰሽ?” ብለህ ጠይቃቸው። ወንድሞቻቸው ምን እንደወሰዱ፣ እሳቸው ምን ይዘው እንደወጡ ያውሩህ። ከዚያ በኋላ ስለ እታለም ስታወራቸው ልባቸው ወዴት እንደሚያደላ ታያለህ። “ዕድሜዋ እየሄደ ነው” የሚለውን ግን ለስለስ ብለህ አስቁመው። 32 ዓመቷ ነው፤ ማግባት ከፈለገች ታገባለች። ለሰርቪስ ክፍሉ መፍትሔ ተብሎ ግን ባል አይፈለግላትም።

ሸሚዝህን ከነገ ጀምሮ ራስህ እጠብ። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ይታይህ ይሆናል። አሥር ዓመት በሰው ቤት የሰው ልብስ ያጠበች ሴት፣ በገዛ ቤቷ ያንኑ እየሠራች ነው። ካርታው እስኪዞር ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ይህ ግን ቢሮ አይጠይቅም። ቁርሱን ተነስተህ አብራችሁ ሥሩ። እንግዳ ሲመጣ ጨላፋውን ተቀበላትና እሷ ከሰዎቹ ጋር ቁጭ ትበል። እናትህ “ውይ፣ ወንድ ልጅ!” ማለታቸው አይቀርም፤ ፈገግ ብለህ ቀጥል። ለጥቂት ጊዜ ቤቱ ግራ ይገባዋል፤ እህትህም ራሷ “አምጣ እንጂ” ብላ ልትነጥቅህ ትችላለች። አትስጣት።

የእጮኛህ ቤተሰቦች ከሠርጉ በፊት አንድ ጊዜ መምጣታቸው አይቀርም። የፊተኛው ምርቃት በሰው ፊት ስለሆነ ማረሚያውም በሰው ፊት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ግን እህትህን አስቀድመህ ጠይቃት። የሁሉ ዓይን እሷ ላይ እንዲያርፍ ላትፈልግ ትችላለች። ከፈቀደች ንግግር አያስፈልገውም። “ይህን ቤት የሠራችው እታለም ናት፤ እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት” ማለት ይበቃል። ዝምታው ትንሽ ይረዝማል፤ ከዚያ አንድ ሰው መመረቅ ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ሆኖም እሷ ከልቧ አስባበት፣ ጊዜ ወስዳ “እኔ ቤቱን አልፈልግም” ብትልህስ? ያኔም ቢሆን ባዶ እጇን አትተዋት። ቢያንስ ግማሹ በስሟ ይሁን፤ ትሸጠው፣ ታከራየው፣ ለባልትናው ሱቅ መያዣ ታድርገው፣ የእሷ ጉዳይ ነው። ሠርጉ ጥር ላይ ስለሆነ የቢሮውን ምልልስ አስብና በዚህ ሳምንት ወደ ነፃ የሕግ ድጋፉ ጎራ በል። ካርታውንና መታወቂያህን፣ እሷ ደግሞ ያስቀመጠቻቸው የሐዋላ ደረሰኞች ካሉ እነሱን ይዛችሁ ሂዱ።